ፒየር ኦዤ፦ ብቻውን የሚጮህ ቆጣሪ አይታመንም

ይህን ስታነቡ ስልኩን የያዘውን እጃችሁን አንዴ ተመልከቱት። በየሰከንዱ አንድ ወይም ሁለት ሙዮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች መዳፋችሁን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ስልኩንም ያልፋሉ፣ ጠረጴዛውንም ያልፋሉ፣ ወለሉንም ያልፋሉ። አያምም፤ አይሰማም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ደግሞ ጅቡቲ ካለ ሰው ይልቅ እኛ ላይ በዛ ብለው ይወርዳሉ።

ከየት ነው የሚመጡት? ከጠፈር የመጣ አንድ ኃይለኛ ቅንጣት የከባቢ አየራችንን ጣሪያ ሲመታ ከሚፈጠረው ፍንጣሪ ነው። ያ ፍንጣሪ መሬት እስኪደርስ ድረስ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለዓለም ያሳየው ሰው ፒየር ኦዤ ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው። ዛሬ አርጀንቲና ውስጥ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ ትልቅ መሣሪያ በስሙ ይጠራል። መሣሪያው ከሃያ ዓመት በላይ አንድ እንግዳ ሲጠብቅ ቆይቷል። እንግዳው ግን እስካሁን አልመጣም። ዛሬ ስለ ሰውየውም፣ ስለዚያ እንግዳም እንጨዋወት። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦዤ ሜይ 14 ቀን 1899 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስለነበር ሳይንስን ፍለጋ ከቤት መውጣት አላስፈለገውም። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ በ1919 በፓሪስ ስመ ጥር ወደሆነው ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ገባ። ከዚያ አተሞች በእርግጥ መኖራቸውን በሙከራ ካረጋገጡት ሊቃውንት አንዱ በሆነው በዣን ፔራን ቤተ ሙከራ መሥራት ጀመረ። እህቱ ኮሌት ደግሞ የፔራንን ልጅ ፍራንሲስን አገባች። ይህን አማች ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ወጣቱ ኦዤ በፔራን ቤተ ሙከራ የሚጠቀመው መሣሪያ የደመና ሳጥን የሚባለውን ነበር። በእንፋሎት የተሞላ ሳጥን ነው፤ ቅንጣት ሲያልፍበት ልክ አውሮፕላን ሰማይ ላይ እንደሚተወው ነጭ መስመር የጠብታ ፈለግ ይቀርበታል። ኦዤ በሳጥኑ ውስጥ ባለው ጋዝ ላይ ኤክስሬይ ለቀቀ። ከአንድ አተም አንድ ኤሌክትሮን ተመትቶ ሲወጣ ማየት ይጠበቃል። እርሱ ግን ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ሲወጣ አየ።

ነገሩን በታክሲ እናስበው። ከውስጠኛው ወንበር አንድ ተሳፋሪ ወረደ። ከኋላ ያለው ወደዚያ ክፍት ቦታ ሲንደረደር ሌላውን ገፍቶ በበሩ አስወጣው። አተም ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው ኤሌክትሮን የሚለቀው ጉልበት ሌላውን ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ይህ ክስተት እስከ ዛሬ የኦዤ ክስተት ይባላል፤ የማይክሮቺፕ ገጽታ ለመመርመርም ይሠራበታል። ሐቁን ለመናገር ግን ሊዝ ማይትነር የተባለችው የፊዚክስ ሊቅ በርሊን ውስጥ ሆና ቀድማ ገልጻው ነበር። ስሙ ለእርሱ ሆነ እንጂ ግኝቱ የሁለቱም ነው።

በ1930ዎቹ የኦዤ ቀልብ ወደ ሰማይ ሄደ። ቪክቶር ሄስ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1912 በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍ ባሉ ቁጥር ጨረር እየበዛ እንደሚሄድ ለክቶ ነበር። ይህ ኮስሚክ ጨረር የተባለው ነገር ምንድን ነው? ስንት ጉልበት አለው? ያን ጊዜ መልስ አልነበረም።

የዘመኑ ዋና መመርመሪያ የጋይገር ቆጣሪ ነው። ቅንጣት ሲያልፍበት ጠቅ ይላል። ችግሩ፣ ለሁሉም ነገር ጠቅ ይላል። በአፈሩ ውስጥ ላለው፣ በግድግዳው ውስጥ ላለው፣ ለራሱ ብረት ሁሉ ይጮሃል። አንድ ቆጣሪ ብቻውን ሲጮህ ከጠፈር እንግዳ መጣ ብሎ መማል አይቻልም። ብሩኖ ሮሲ የተባለ ወጣት ጣሊያናዊ በ1930 ለዚህ ጥሩ መላ አመጣ፦ ቆጣሪዎቹን በኤሌክትሪክ ዑደት አገናኝቶ፣ አብረው በአንድ ቅጽበት ሲጮሁ ብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ።

ይኸው ሮሲ በ1933 መሣሪያውን ተሸክሞ የት ሄደ ብትሉ፣ አስመራ! ኤርትራ ያኔ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። አስመራ ከፍታዋ 2,370 ሜትር ገደማ ነው፤ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብም ትቀርባለች። ለሮሲ ሙከራ ሁለቱም ያስፈልጉት ነበር። ጨረሩ ከምሥራቅ ይልቅ ከምዕራብ እንደሚበዛ አረጋገጠ፤ ይህም ጨረሩ በአብዛኛው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች መሆኑን አሳየ። መሣሪያውን ሲፈትሽ ግን ሌላ ያልጠበቀው ነገር አጋጠመው። ተራርቀው የተቀመጡ ቆጣሪዎች በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ አብረው ይጮሁ ነበር። ነገሩን ጽፎ አስቀመጠው፤ ሳይከታተለው ግን ቀረ። በ1938 የፋሺስቱ መንግሥት አይሁዳውያንን ከሥራ ሲያባርር ሮሲም ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተባሮ ተሰደደ።

በዚያው በ1938 ፓሪስ ውስጥ ኦዤና ባልደረባው ሮላን ማዝ፣ የሮሲን ማስታወሻ ሳያውቁ፣ ያንኑ ነገር አገኙት። ማዝ የዑደቱን ፍጥነት አሻሽሎ በጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ የተከሰቱ ጩኸቶችን ብቻ የሚለይ አደረገው። በዚህ ያህል ጠባብ ቅጽበት ሁለት ቆጣሪዎች በአጋጣሚ መገናኘታቸው እጅግ ብርቅ ነው። ሁለቱ ሰዎች ቆጣሪዎቹን ትንሽ አራራቋቸው። አሁንም አብረው ጮሁ። በብዙ ሜትር አራራቋቸው። አሁንም ጮሁ።

ከዚያ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ተራራ ወጡ፤ በፈረንሳይ ፒክ ዱ ሚዲ፣ በስዊዘርላንድ ደግሞ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ዩንግፍራውዮክ። በዚያ በረዶ መሐል ቆጣሪዎቹን እስከ 300 ሜትር አራራቁ። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል መሆኑ ነው። ቆጣሪዎቹ አሁንም በአንድ ቅጽበት ይጮሁ ነበር።

ትርጉሙ ምን ነበር? አንድ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ የሚወርደው በሜዳው ሁሉ ላይ የተበተነ ዝናብ ነው ማለት ነው። ከጠፈር የመጣው አንድ ቅንጣት አየሩን ሲመታ ይሰበራል፤ ስብርባሪው ሌላውን ይመታል፤ እንዲህ እየተባዛ መሬት ሲደርስ ብዙ ሺህ፣ ሚሊዮን ይሆናል። ፈረንሳዮቹ ይህን ነዶ ይሉታል። ከታች ሲታሰር አንድ የሆነ፣ ከላይ የተንዠረገገ የስንዴ ነዶ፤ ልዩነቱ የጠፈሩ ነዶ የተዘቀዘቀ መሆኑ ብቻ ነው።

ኦዤ ሒሳቡን ሠራ። በአንድ ነዶ ውስጥ ሚሊዮን ያህል ቅንጣቶች አሉ። እያንዳንዱ የያዘውን ጉልበትና በመንገድ የጠፋውን ሲደምር የመጀመሪያው ቅንጣት አንድ ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ መምጣት ነበረበት። በዘመኑ ሰው የሠራቸው ማሽኖች ለቅንጣት ይሰጡት ከነበረው ጉልበት በአሥር ሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። ዛሬ እንኳ በዓለም ትልቁ ማሽን፣ በጄኔቭ ያለው የሰርን ማፋጠኛ፣ ለአንድ ፕሮቶን የሚሰጠው ጉልበት ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ተፈጥሮ የትም ያላየነው ማሽን አላት ማለት ነው። የት እንዳለ ግን እስካሁን በትክክል አናውቅም።

ኦዤ ይህን ጥያቄ ሊከታተለው ሲል ጦርነት መጣ። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ስትወረር ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ቺካጎ ሠራ። ከዚያም ሞንትሪያል በተቋቋመው የእንግሊዝና የካናዳ የአቶሚክ ቤተ ሙከራ የሙከራ ፊዚክስ ክፍሉን መራ። እዚያ ሁሉም ነገር ምሥጢር ነው። የሚሠሩትን ነገር የገዛ አገራቸው መሪ እንኳ አያውቅም። በጁላይ 1944 ጄኔራል ደጎል ኦታዋን ሲጎበኙ ኦዤና ሁለት ፈረንሳውያን ባልደረቦቹ ምሥጢሩ እንዲነገራቸው ወሰኑ። አንደኛው ጄኔራሉን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አግኝቶ፣ ጦርነቱን የሚለውጥ መሣሪያ እየመጣ መሆኑን ነገራቸው። በዓመቱ ሂሮሺማ ሆነ።

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜውን ሙሉ ተፈጥሮ በአንድ ቅንጣት ላይ ስንት ጉልበት እንደምትጭን ሲያደንቅ የኖረ ሰው፣ የአተም ጉልበት ከተማ ሲያወድም አየ። ሳይንስ በአጥርና በምሥጢር ሲሠራ ምን እንደሚመስል በውስጡ ሆኖ አይቶታል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ተራራውና ወደ ቆጣሪዎቹ መመለስ ይችል ነበር። ግን ከተራራው ይልቅ ቢሮውን መረጠ።

በመጀመሪያ የፈረንሳይን ከፍተኛ ትምህርት መራ። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ የዩኔስኮ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ዳይሬክተር ሆነ። ስብሰባ፣ ደብዳቤ፣ በጀት፣ ልመና። ለተመራማሪ ሰው አሰልቺ ይመስላል። ከዚያ ስብሰባ ሁሉ የወጣው ግን ሰርን ነው። ኦዤ ከጣሊያናዊው ኤዶዋርዶ አማልዲ ጋር ሆኖ፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እርስ በርስ ሲተላለቁ የነበሩትን አገሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በ1954 ሰርን በ12 አገሮች አባልነት በይፋ ተመሠረተ፤ ጀርመንና ፈረንሳይ ጎን ለጎን ናቸው። መመሥረቻው ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። ለጦር መሣሪያ አይሠራም፤ ውጤቱም ለሁሉም ክፍት ይሆናል። የሞንትሪያሉ ቤተ ሙከራ ግልባጭ ነው ቢባል አይበዛም።

እኛ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ኦዤ ይህን ከቆጣሪዎቹ የተማረው ይመስላል። ከ1964 እስከ 1967 ደግሞ ለዛሬው የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት መሠረት የሆነውን የአውሮፓ የጠፈር ምርምር ድርጅት በመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተርነት መራ። ያን ጊዜ ስድሳ አምስት ዓመት ገደማው ነበር፤ ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ።

ዋጋ አልከፈለም ማለት ግን አይደለም። እርሱ ስብሰባ ሲመራ ነዶውን ሌሎች ሰበሰቡት። በ1962 አሜሪካዊው ጆን ሊንስሊ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ኦዤ ከገመተው በመቶ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ያለው ቅንጣት መዘገበ። አንዲት የማትታይ ቅንጣት፣ በኃይል የተመታች የቴኒስ ኳስ ያህል ጉልበት! በ1966 ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ግራይሰን፣ ዛትሴፒንና ኩዝሚን፣ አንድ ነገር አስሉ። እንዲህ ያለ ኃይለኛ ቅንጣት ረጅም መንገድ ሲጓዝ ጠፈሩን ከሞላው ደካማ ጨረር ጋር ይጋጫል። ከዚያ ግጭት ደግሞ ኒውትሪኖ መወለድ አለበት።

ያዙልኝ ያልኳችሁ አማች አሁን ይምጣ። ኒውትሪኖን በ1930 ያሰባት ቮልፍጋንግ ፓውሊ ነው፤ ያኔ ግን የሒሳብ ቀዳዳ መድፈኛ ብቻ ነበረች። ፍራንሲስ ፔራን በ1933 ክብደቷ ከዜሮ የማይለይ መሆን አለበት ብሎ ካሰሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ዛሬ እጅግ ጥቂት ክብደት እንዳላት ይታወቃል። አማቾቹ አንዱ ስለ ኒውትሪኖ፣ ሌላው ስለ ነዶ ያስቡ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ቀን አንድ መሣሪያ ላይ ይገናኛሉ ብሎ ማን ገመተ?

ኒውትሪኖ ማንም የማያቆማት መንገደኛ ናት። ከፀሐይ ብቻ የሚመጡት በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ በየሰከንዱ ከ60 ቢሊዮን በላይ ሆነው ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ ምድርንም አልፈው ይሄዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው በ1956 በኒውክሌር ማብለያ አጠገብ በተቀመጠ የውኃ ታንከር ነው። ሳይንቲስቶች የሚወዷት ግን ለዚሁ ጠባይዋ ነው። ቻርጅ ያለው ኮስሚክ ጨረር በመግነጢስ እየተጣመመ ስለሚመጣ ከየት እንደተነሣ ለማወቅ ያስቸግራል። ኒውትሪኖ ግን ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ የተነሣችበትን አድራሻ ትጠቁማለች። ያንን የማናውቀውን የተፈጥሮ ማሽን ልታሳየን የምትችል ምስክር ናት።

በ1992 ጂም ክሮኒንና አለን ዋትሰን የተባሉ ሁለት ፊዚሲስቶች ታይቶ የማይታወቅ ግዙፍ የነዶ መመርመሪያ አሰቡ። ስሙን ፒየር ኦዤ አሉት። ኦዤ በዲሴምበር 1993 በ94 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። በስሙ የተሠራውን አላየውም።

የተሠራው በአርጀንቲና ሜንዶሳ ክፍለ ሀገር፣ ማላርግዌ ከተማ አጠገብ፣ ከአንዲስ ተራሮች ሥር ነው። ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ 1,600 የሚሆኑ ታንከሮች በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ተዘርግተዋል። እያንዳንዳቸው 12,000 ሊትር የተጣራ ውኃ ይዘዋል፤ በሶላር ይሠራሉ፤ የሚያዩትን በሬዲዮ ይልካሉ። ቅንጣት ውኃውን ሲያቋርጥ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ታንከሩም ሰዓቱን ይመዘግባል። ሐሳቡ የ1938ቱ ነው። አንዱ ብልጭ ቢል ዝም ይባላል፤ ጎረቤቶቹም አብረው ብልጭ ካሉ ነዶ ወርዷል።

ኒውትሪኖዋን ከሌላው ነዶ እንዴት ይለያሉ? እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ተራ ኮስሚክ ጨረር ጋደል ብሎ ከጎን ሲመጣ አየሩን ገና ከጫፉ ይመታል፤ ታንከሮቹ ዘንድ እስኪደርስ በወፍራም አየር ውስጥ ብዙ ይጓዛል። ረጅም መንገድ እንደሮጠ ቡድን ደካማው ሁሉ ቀርቶ ጠንካሮቹ ሙዮኖች ብቻ አንድ ላይ ውልብ ብለው ያልፋሉ። ይህ ያረጀ ነዶ ነው፤ ምልክቱ አጭርና ስል ነው። ኒውትሪኖ ግን አየሩን ሳትነካ ጠልቃ ገብታ ታንከሮቹ አጠገብ ልትመታ ትችላለች። ያን ጊዜ ጠንካራውም ደካማውም ተቀላቅሎ ይጎርፋል፤ ምልክቱ ረዘም ይላል። ከጎን የመጣ ወጣት ነዶ ከታየ፣ ያመጣችው ኒውትሪኖ ናት ተብሎ ይጠረጠራል።

ሌላም መንገድ አለ። እንዲህ ጉልበታም የሆነች ኒውትሪኖ እንደ ፀሐይዋ ምድርን በመሐል ሰንጥቃ ማለፍ አትችልም፤ ምድር ትወፍርባታለች። የምድርን ጠርዝ ወይም የአንዲስን ዓለት ታክካ ብታልፍ ግን ውስጡ ተጋጭታ ታው የሚባል ቅንጣት ልትወልድ ትችላለች። ታው ከዓለቱ ይወጣና አየር ላይ ይፈርሳል፤ ነዶም ይፈጥራል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከአድማስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከመሬት ለሚወጣ ነዶም ይጠብቃሉ። ሰማይን ለማየት መሬትን ማየት ማለት ይኸው ነው።

ከ2004 ጀምሮ መረጃ ይሰበሰባል። እስካሁን የተገኘው ኒውትሪኖ ዜሮ ነው። በኦገስት 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው መላው ዓለም ወደዚያ ሲመለከት፣ ቦታው ለማላርግዌ ታንከሮች እጅግ የሚመች፣ ከአድማስ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። ፈለጉ። ዜሮ። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ ሲሲሊ አቅራቢያ በሜዲትራኒያን ባሕር ጥልቀት ውስጥ ያለ ሌላ መመርመሪያ እስከዚያ ታይተው ከሚታወቁት ሁሉ ጉልበታም የሆነች ኒውትሪኖ መያዙን በ2025 ይፋ አደረገ። አንድ ቦታ ብቻ ታየች፤ የማላርግዌ ታንከሮች እርሷን የምትመስል አላገኙም። አንድ ቆጣሪ ጮኋል፤ ሌሎቹ ገና ዝም ብለዋል።

ታዲያ ሃያ ዓመት ለዜሮ? ሐይቅ ላይ መረብ የጣለ ዓሣ አጥማጅን አስቡ። የመረቡን ስፋትና የቀዳዳውን መጠን በትክክል ካወቀ፣ ባዶ መረብም ስለ ሐይቁ ይናገራል። የማላርግዌ ዜሮ ስለ ኮስሚክ ጨረር ምንጭ የተሠሩ በርካታ ሐሳቦችን ጥሏል። ለምሳሌ ኃይለኞቹ ቅንጣቶች ሁሉ ፕሮቶን ናቸው፣ ምንጮቻቸውም በጥንቱ ጠፈር እጅግ ብዙ ነበሩ የሚለው ግምት እውነት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ኒውትሪኖ መታየት ነበረባት። አልታየችም፤ ስለዚህ ያ ግምት ቦታውን አጣ።

ይህን ዜሮ አንድ አገር ብቻውን ሊያገኘው አይችልም ነበር። በጀቱንም፣ ሰውንም፣ ትዕግሥቱንም ከብዙ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው ያዋጡት። ኦዤ ቢሮ ውስጥ ያሳለፋቸው ዓመታት ባክነዋል የሚል ካለ፣ ይህን ይይልኝ።

ሥራውን ለተጨማሪ ዓመታት ለመቀጠል በ2024 ስምምነት ተፈርሟል። ዛሬም ማታ ማላርግዌ ላይ፣ ከብቶቹ ከተኙ በኋላ፣ አንዱ ታንከር ብልጭ ይላል። ወዲያው ማንም አያምነውም። ጎረቤቶቹ ይጠየቃሉ።